«ጡቴ ገና ወተት አልያዘም»፦ ነርሶች ስለ መጀመሪያው ሰዓት የሚሠለጥኑት ምን ላይ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ማዋለጃ ክፍል የምትሠራን ነርስ «ሕፃን ጡት መጀመር ያለበት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳታመነታ «በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ» ትላችኋለች። ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ፈተና ላይ ጽፋዋለች። ታዲያ የምታውቀውን ነገር መልሶ ማሠልጠን ለምን አስፈለገ?

ክፍሉን አንዴ ማየት ነው። ከጎን ያለው አልጋ ላይ ሌላ እናት ምጥ ይዟታል። የሚሞላው ወረቀት ተከምሯል። አሁን የወለደችው እናት ዝላለች፤ «ጡቴ ገና ወተት አልያዘም» ትላለች። በር ላይ ደግሞ አያትየዋ ቆመዋል፤ ፌስታላቸው ውስጥ ለጋ ቅቤ አለ። በዚህ ሁሉ መሃል አንዷ ሰዓት ሳትታወቅ ታልፋለች። ነርሷ ሕጉን ታውቀዋለች። የሚቸግራት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እጇና አንደበቷ ምን መሥራት እንዳለባቸው ነው። ጥሩ ሥልጠና የሚያለማምዳት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ግን «ለምን አንድ ሰዓት?» የሚለውን እንየው።

ጤነኛ ሕፃን እንደተወለደ ተጠራርጎ እርቃኑን እናቱ ደረት ላይ ሲደረግ ዝም ብሎ አይተኛም። ያለቅሳል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ዓይኑን ይከፍታል። አፉን ያንቀሳቅሳል፤ እጁን ይልሳል። ትንሽ ያርፍና በእግሮቹ እየገፋ ወደ ጡት ይጠጋል። ያሸታል፣ ይልሳል፣ በመጨረሻም ይጎርሳል። የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን ጉዞ ከመጀመሪያው ለቅሶ እስከ እንቅልፉ በ9 ደረጃዎች ከፍለው አስቀምጠውታል። ነገሩ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ሕፃን አንድ ሰዓት ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጥልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያኔ ቀስቅሶ ማጥባት ሌላ ትግል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ሕፃኑ ራሱ ነቅቶ ጡት የሚፈልግበት ጊዜ ነው።

እናትየዋም ትጠቀማለች። ሕፃኑ ሲጠባ ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል። እሱ ማሕፀኗን ይኮማትረዋል፤ የደም መፍሰሱንም ይቀንሳል። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይበዛ የሚሰጠው መርፌም ይኸው ኦክሲቶሲን ነው። ይህ ማለት ግን ማጥባት መርፌውን ይተካል ማለት አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወተቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በእናት ደም ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች ይለወጣሉ፤ ወተቱ በብዛት የሚመጣው ግን በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ ያለው እንገር ነው። ወፈር ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ መጠኑም ጥቂት የሻይ ማንኪያ ነው። በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችና ቫይታሚን ኤ በብዛት አሉበት። የሕፃኑን የመጀመሪያ ጥቁር ካካ ያስወጣል። ማነሱም ጉድለት አይደለም፤ የሕፃኑ ሆድ ራሱ ገና ትንሽ ነው። ስለዚህ «ወተት አልያዘም» የምትል እናት ያየችው ትክክል ነው፤ መጠኑ በእርግጥ ትንሽ ነው። ያልተነገራት ያ ትንሹ በቂ መሆኑ ነው።

ከጥናቶች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በገጠር ጋና ወደ 11,000 የሚጠጉ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ሁሉም ሕፃናት በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ቢጀምሩ ከጨቅላ ሕፃናት ሞት 22 በመቶው ሊቀር ይችል ነበር ይላል። ከ10 ዓመት በኋላ በጋና፣ በሕንድና በታንዛኒያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ያየ ጥናት ወጣ። ከ2ኛው እስከ 23ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ የጀመሩት በመጀመሪያው ሰዓት ከጀመሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ደካማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ዘግይቶ መጥባቱ አይቀርም፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ አይለይም። ቢሆንም ሁለቱም ጥናቶች የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

የኛ አገር ቁጥርም ሲያዩት ደህና ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት 73 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠብተዋል። እኔ ግን በዚህ ቁጥር ብዙም አልመካም። መረጃው የተሰበሰበው እናቶችን በመጠየቅ ነው፤ በወሊድ ሰዓት ደግሞ ማን ሰዓት ያያል? ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። በዚያው ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን 48 በመቶ ደረሱ። ድሮ ሕፃኑን ከእናቱ ጡት ጋር የሚያገናኙት የሰፈር እናቶች ነበሩ። አሁን ይህ ኃላፊነት ነጭ ጋዋን ለለበሰችው ልጅ እየተላለፈ ነው። የሰፈሩ እናቶች ቢያንስ ሌላ ሥራ አልነበረባቸውም።

አሁን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ እንግባ። ሰዓቱ የሚበላው እዚያ ነው።

የቆየው ልማድ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ይወለዳል፤ እትብቱ ይቆረጣል። ወደ ጠረጴዛው ይወሰዳል። ይመዘናል፣ የዓይን ቅባት ይቀባል፣ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፣ ስም ይታሰርለታል፣ ይጠቀለላል። ከዚያ ውጭ ላሉት ዘመዶች ይታያል። እናትየዋ እስከዚያ እንግዴ ልጁ ይወጣላታል፤ የተቀደደ ካለ ይሰፋላታል፤ ታጥባ ትነሳለች። እያንዳንዱ ሥራ አምስትና አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ሕፃኑ ነቅቶ የሚፈልግበት ጊዜ አልቋል። ማንም ያጠፋ የለም፤ ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ያጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው።

ስለዚህ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሥራ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሕፃኑ እናቱ ሆድ ላይ ሆኖ ይደርቃል። ደህና ከተነፈሰ እዚያው ደረቷ ላይ ይቆያል። ጀርባው በደረቅ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ኮፍያ ይደረግለታል። ሚዛኑ የትም አይሄድም፤ በኋላ ይደርሳል። ቫይታሚን ኬም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ይሰጣል። ስፌት ካለ ሕፃኑ ደረቷ ላይ እያለ መስፋት ይቻላል፤ እንዲያውም ሐሳቧ ወደ ልጁ ስለሚሄድ ሕመሙን ትረሳዋለች የሚሉ አዋላጆች አሉ። ገላውን ማጠብ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ያልተነፈሰ ሕፃን ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱን ማዳን ከሁሉም ይቀድማል።

«ይበርደዋል» የሚል ስጋት ሁሌም ይነሳል። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ቢባልም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያውቅበታል። የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ይህን ለመጠበቅ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ማሞቂያ የእናት ደረት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ቆዳ ለቆዳ የሚባለው አያያዝ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝቶ መሄድ አይደለም። የደከመች እናት እንቅልፍ ሊወስዳት ይችላል። አፍንጫው ክፍት መሆኑን፣ ቀለሙን፣ አተነፋፈሱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሠልጣኟ ነርስ በየ15 ደቂቃው ብቅ ብላ ማየትን ትለማመዳለች። ክፍሉ የጋራ ከሆነ ደግሞ መጋረጃ ወይም ነጠላ ያስፈልጋል። ሰው ፊት ደረቷን መግለጥ የምታፍር እናትን «ምን ያሳፍራል?» ማለት አያግባባም።

ወደ ቅቤው እንምጣ። በጣና ዙሪያም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ለተወለደ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው። ስኳር በውኃ፣ የአብሽ ውኃ የሚሰጡም አሉ። እንገሩን «የቆየ ወተት ነው» ብሎ አልቦ መድፋትም አለ። የሚያደርጉት ሕፃኑን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ ሆዱ እንዲጸዳ ብለው ነው። ጉዳቱ ግን አለ። ንጽሕናው ያልታወቀ ነገር ባዶ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃኑም ጠገብኩ ብሎ ይተኛል። ጡቱም ሳይጠባ ይቀራል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይዘገያል።

ነርሷ «ክልክል ነው!» ብትል ምን ይሆናል? አያትየዋ «እሺ ልጄ» ይላሉ። ነርሷ ዞር ስትል ቅቤው አፍ ውስጥ ነው። ጥሩ ሥልጠና ላይ ይህ በትወና ይሠራል። አንዷ ነርስ አያት ትሆናለች፤ ሌላዋ ታግባባለች። ሳቅ ይበዛበታል፤ ግን ይያዛል። ከሜጫ ገጠር የመጡ አያት ከብት ያውቃሉ። «እናቴ፣ ላም ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ ይቀራል?» ሲባሉ መልሱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ሥራ ይሰጣቸዋል። «ቅቤው ለገንፎው ይሁን፤ እሷ ትብላው፤ በጡቷ በኩል ለልጁ ይደርሰዋል።» ቅቤው አልተጣለም፣ አያትየዋም አልተዋረዱም። በእኔ እምነት ከአንድ ሰዓት ትምህርት ይልቅ ይህች አንዷ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች።

ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ማዳመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት የ40 ሰዓት የጡት ማጥባት ምክር ሥልጠና ትልቅ ቦታ የሰጠው ለዚህ ነው። ነርስ ምን ማዳመጥ ያስተምሯታል? ትሉ ይሆናል። እስኪ ይህን ተመልከቱ።

ነርሷ «እንዴት ነሽ?» ትላለች። እናትየዋ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። «በደንብ ይጠባል?» «አዎ፣ ይጠባል።» አለቀ። ነርሷ የሚቀጥለው አልጋ ጋ ሄደች። ሕፃኑ ግን አልጠባም። እኛ ጋ ሐኪም ፊት «የለም፣ ችግር አለ» ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል። «አዎ» አክብሮት እንጂ መረጃ አይደለም። ስለዚህ ሠልጣኞች ጥያቄውን መቀየር ይለማመዳሉ። «ከተወለደ ጀምሮ ያጠባሽውን እስኪ ንገሪኝ» ሲባል «አዎ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። «በደንብ»፣ «በቂ» የሚሉ ቃላትም ከጥያቄው ይወጣሉ፤ እናትየዋን ፈተና ላይ ያለች ያስመስሏታልና።

«ጡቴ ላይ ምንም የለም» ስትል ደግሞ ምላሳችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «አለሽ፣ አይዞሽ፣ ዝም ብለሽ አጥቢ» ነው። ደግ ቃል ነው፤ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። የሠለጠነችዋ ቁጭ ትላለች። ቁጭ ማለቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «አይበቃውም ብለሽ ሰግተሻል ማለት ነው?» ትላለች። ያኔ ወሬው ይወጣል። የመጀመሪያ ልጇ 3 ቀን እንዳለቀሰ፣ አማቷ የዱቄት ወተት እንዳመጡ፣ ከዚያ ጡቱን እምቢ እንዳለ ትናገራለች። አሁን ነርሷ የምታክመው ነገር አገኘች። መጀመሪያ እናትየዋ ያደረገችውን አንድ ጥሩ ነገር አንስታ ታመሰግናታለች። ከዚያ እናትየዋ ራሷ ጡቷን ጫን አድርጋ አንዲት ቢጫ ጠብታ እንድታወጣ ታሳያታለች። ጠብታዋን በዓይኗ ካየች በኋላ ክርክር የለም። ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ምክር ብቻ ትሰጣለች። አሥር ምክር የሰማች አራስ አንዱንም አትይዝም።

ስለ አያያዝ ደግሞ አሻንጉሊትና በጨርቅ የተሠራ ጡት ይዞ መለማመድ ይቻላል። ከዚያ ግን እውነተኛ እናት ጋ መሄድ የግድ ነው። ሕፃኑ በደንብ መጉረሱን የሚያሳዩ አራት ምልክቶች አሉ። አፉ ሰፋ ብሎ ተከፍቷል። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አገጩ ጡቱን ነክቷል። በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ በኩል ይበልጥ ይታያል። ጫፉን ብቻ ከያዘ እናትየዋን ያማታል፤ ለሱም አይወጣለትም። ሕመሙ ከቀጠለ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማላቀቅና እንደገና መሞከር ነው። «መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ቻይው» የሚለው ምክር ብዙ ጡት አቁስሏል።

ነርሶች የሚሠሩት የተለመደ ስህተት የሕፃኑን ጭንቅላት ከኋላ ይዞ ወደ ጡት መግፋት ነው። ሲገፋ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ «እምቢ አለ» ይባላል። ለዚህ ነው አሠልጣኞች «እጅሽን ወደ ኋላ» የሚሉት። ነርሷ ታሳያለች፤ የምትይዘው ግን እናትየዋ ናት። ሥራ ለሚበዛባት ሰው ይህ ያበሳጫል። ራሷ ብታደርገው በአንድ ደቂቃ ትጨርሳለች። ግን እናትየዋ ሌሊት በ9 ሰዓት ብቻዋን ስትሆን ማን ያጎርስላታል?

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በኦፕሬሽን የወለደች እናት በወገብ ማደንዘዣ ከሆነ ነቅታ ስለሆነ ሕፃኑን እዚያው ደረቷ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ስትነቃ። ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን መጥባትና መዋጥን ማቀናጀት ላይችል ይችላል። እናትየዋ በእጇ ታልብና በቱቦ ወይም በስኒ ይሰጠዋል፤ ጡጦ አያስፈልግም። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች ታጠባለች፤ ሕፃኑም መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል።

ሥልጠናው ራሱ ምን ይመስላል? ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕፃናት ተስማሚ የሆኑ ሆስፒታሎችን የማበረታቻ መርሐ ግብር ጀመሩ። አሥር እርምጃዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ ስለ ሠራተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲከለስ ትኩረቱ «ሥልጠና ወስዳለች ወይ?» ከሚለው ወደ «መሥራት ትችላለች ወይ?» ወደሚለው ዞረ። ለማዋለጃ ክፍል ሠራተኞች የተዘጋጀ የ20 ሰዓት ኮርስም አለ።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን እውነት ብናገር አትቀየሙኝ። ባሕር ዳር የስብሰባ ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ረፍት፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። ብዙ ጊዜ የሚላከው ደግሞ ተራ የደረሰው ሰው ነው፤ ሌሊት አዋላጅ ክፍል የምታድረው አይደለችም። የሠለጠነችዋም በወራት ውስጥ ወደ ተመላላሽ ክፍል ትዛወራለች። አዳራሹ ውስጥ ጡት የለም፣ ሕፃን የለም፣ አያት የለም። እኔ ብጠየቅ የ20 ሰዓቱን ትልቅ ክፍል ወደ ክፍሉ ራሱ አወርደው ነበር። ተረኛ ሲቀያየር አንዷ ልምድ ያላት አዋላጅ አንዷን ጀማሪ ይዛ አንድ እናት ጋ ትቀመጣለች። በማግስቱ ደግሞ ጀማሪዋ ትሠራለች፤ ልምድ ያላት ታያለች። አበል የለውም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዙ የማይደረገው።

በመጨረሻ መውጫው ላይ ያለው ምክር ይቀራል። እናትየዋ በደህና ከወለደች ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ ትቆያለች። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሰፈሯ ወይም በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ትመለሳለች። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ግን ቤት ከገባች በኋላ ነው። ጡቷ ይወጠራል፣ ይሞቃል፤ ሕፃኑ መጉረስ ያቅተዋል። ያኔ ነው የዱቄት ወተት የሚገዛው። ስለዚህ ይህ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገራታል። ሲወጠር ትንሽ አልባ አለስልሳ ታጥባ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ካካው በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ከጥቁር ወደ ቢጫ ከዞረና በቀን 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከሸና እየጠገበ ነው። ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ግን ነገ አይባልም፤ ወደ ጤና ተቋም ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እናትና ሕፃን እንደገና እንዲታዩ ይመክራል። ልክ ጡቱ በሚወጠርበት ቀን ማለት ነው። ከተማ ላለች እናት ቀላል ነው። ደቅ ለምትገባዋ ግን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ከመውጫ ወረቀቷ ጋር ይሰጣታል፤ የጀልባዋ ሰዓትም ቀድሞ ይጠየቃል። ምክሩ ደጃፍ ላይ በጥድፊያ ከተነገረ አይሰማምና።